ሰሚ ያለው ሸንጎ፦ የጎንደርና የጭልጋ የሙግት ወግ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ከጠዋት እስከ ማታ የማያባራ ጩኸት ነበር። ከየአገሩ የመጣ ተበዳይ የንጉሡ ጆሮ ሊደርስበት በሚችል ቦታ፣ በበርና በመስኮት ሥር ቆሞ፣ በየራሱ ቋንቋ «ጃንሆይ፣ ፍረዱልኝ!» እያለ ይጮሃል። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላና ባለጉዳይ ሲሳሳ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ራሱ እየከፈለ እንደ ተበዳይ የሚያስጮሃቸው ሰዎች ነበሩት። ለምን ቢባል፣ ደጁ ጭር ብሎ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማው፣ ለክብሩም እንዲሆን ነው የሚል መልስ ተሰጠው። ብሩስ ይህን አስቂኝ ልማድ አድርጎ ጽፎታል። አገሬው ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ነበር የሚያየው። ደጁ ላይ አቤት የሚል የታጣበት ንጉሥ፣ ሠራዊትና ግምጃ ቤት ቢኖረውም፣ ዳኝነቱ ጎድሏል።

ግንቡ ውስጥ ያለው ሥርዓት ደግሞ የበለጠ የተጠና ነበር። ከባድ ጉዳይ በሸንጎው ሲታይ ንጉሡ ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣል፤ አይታይም፣ ይሰማል። የሚጠይቀው ሲኖር ቃሉን ወደ ዳኞቹ የሚያደርስለት ሹም አለ፤ ማዕረጉ ቃለ ሐፄ ይባላል። ሐሳብ የሚሰጠው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ሻለቆቹ ይናገራሉ፣ ቀጥሎ የቤተ መንግሥቱ ባለሟሎች፣ ከዚያ ታላላቆቹ መኳንንት፣ በመጨረሻ በቃለ ሐፄ አፍ ንጉሡ። እንዲህ ሲሆን ትንሹ የትልቁን ፊት አይቶ ያንኑ መድገም አይችልም፤ ትልቁም የትንሹን ሐሳብ ሳይሰማ አፉን አይከፍትም። አለቃው ቀድሞ ከተናገረ በኋላ ስንት ስብሰባ ሐሳብ እንደሚነጥፍበት የሚያውቅ ሰው ይህን ቅደም ተከተል አቅልሎ አያየውም።

ስለ ጎንደር ሲወራ ግንቡ ይነሳል፣ ጥምቀቱ ይነሳል፣ ዝማሬና አቋቋሙ ይነሳል። ለዳኝነትና ለሽምግልና ተብሎ የተበጀው የማዳመጥ ሥርዓት ግን እምብዛም ስሙ አይጠራም። ይህን ለማየት ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ወደ ምዕራብ፣ በመተማ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ የጭልጋዋ አይከል መድረስ ይጠቅማል። በዚያ አገር የማዳመጥ ወጉ ሁለት ዓይነት ነበር፤ ለመርታት የሚሰማበትና ለማስታረቅ የሚሰማበት። የመጀመሪያው ታሪክ ሆኗል። ሁለተኛው ዛሬም ይሠራል።

ለመርታት የሚሰማበት ሙግቱ ነው። ዳኛው ጭቃ ሹም ሊሆን ይችላል፣ ባለጉልት ሊሆን ይችላል፣ መንገደኛም ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አላፊ አግዳሚውን አስቁመው «በሕግ አምላክ፣ ዳኘን» ካሉት ትቶ መሄድ ነውር ነበርና፣ ጉዞውን አቋርጦ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ተሟጋቾቹ ነጠላቸውን አደግድገው ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ «ተጠየቅ!» ሲል ሌላው «ልጠየቅ» ብሎ ይቀበላል። በላ ልበልሃ የሚባለው የክርክር ዓይነት ከዚህ ይጀምራል። ተከራካሪው ነገሩን በግጥምና በምሳሌ እያዋዛ፣ በዘንጉ መሬቱን እየመታ፣ አንዴ ወደ ዳኛው አንዴ ወደ ባላጋራው እየዞረ ያወርደዋል። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እያለ ከአያት ቅድመ አያት የሚጀምርም አለ። በቃሉ የሚተማመን ደግሞ ይወራረዳል፤ ማር፣ ሙክት፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ያስይዛል። ውርርዱን የተረታ ይከፍላል፣ ለዳኛውም ገቢ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው የሙግቱ ጥበብ በአንደበት ላይ ያለ ይመስለዋል። የውጭ ተጓዦችም በብዛት የጻፉት ስለ ተናጋሪው ነው፤ ስለ ዘንጉ፣ ስለ እጁ እንቅስቃሴ፣ ስለ ድምፁ መውጣትና መውረድ። ክርክሩ የሚፈታው ግን ዝም ባለው ሰው ዘንድ ነበር። ወረቀት የለም፣ ጸሐፊ የለም። ባላጋራው ሲያወርደው የቆየውን ሁሉ ሰሚው በጭንቅላቱ ይዞ፣ ተራው ሲደርስ ነጥብ በነጥብ እያነሳ መመለስ አለበት። ጣልቃ ቢገባ ይገሠጻል፤ አንዱን ነጥብ ቢዘልል እንዳመነ ይቆጠርበታል።

አንድ የበሬ ሙግት እንበል። ከሳሹ በሬውን ለገና ሰሞን እንዳዋሰ ተናግሮ ይጀምራል። ስለ ዝምድናው፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ደግነቱ ብዙ ካለ በኋላ፣ በዚያው ወራት በሬው ወንድሙ ዘንድ ጤፍ ሲያበራይ እንደ ነበር ሳያስበው ያመልጠዋል። ጥሩ ሰሚ እዚህ ላይ ፊቱን አያጠቁርም፣ አይስቅም፣ አያቋርጥም። ያሳልፈዋል። ተራው ሲደርስ የከሳሹን ቃል እንዳለ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ይደግምለታል። «እንዲህ አላልክም?» ይለዋል። ከሳሹ «ብያለሁ» ካለ በኋላ ነው በሬው በአንድ ወር ሁለት ቦታ እንዴት እንደዋለ የሚጠየቀው። ቃሉን አጣሞ ቢደግም ግን ታዳሚው ራሱ ያርመዋል፤ በሙሉ ሸንጎ ፊት ሰው ያላለውን አለ ብሎ መያዝ ትልቅ ውርደት ነበር።

ታዳሚው ለወሬ ብቻ የቆመ አልነበረም። ዳኛው ከመፍረዱ በፊት ሐሳቡን ይጠይቀዋል፤ የቤተ መንግሥቱ ልማድ በዛፍ ጥላም ይደገም ነበር። ልጆች በከብት ጥበቃ ላይ ዳኛና ተሟጋች ሆነው ሲጫወቱ ያደጉትም ይህንኑ እያዩ ነው።

ጆሮን የሚያሠለጥነው ቤተ ክህነቱም ነበር። የጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ የተከፈለው ትልቅ ትምህርት፣ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ በአብዛኛው በቃል የወረደ ነው። ተማሪው ከየኔታ አፍ ሰምቶ፣ ይዞ፣ መልሶ ያሰማል። እነዚህ ሊቃውንት ናቸው ከባድ ፍርድ ሲመጣ ፍትሐ ነገሥቱን እያነበቡ የሚተረጉሙት። ከ51ዱ አንቀጾች 22ቱ ስለ መንፈሳዊ፣ 29ኙ ስለ ዓለማዊ ጉዳይ ናቸው፤ 43ኛው የዳኞችን ነገር ይይዛል፣ ሁለቱን ወገኖች በእኩል ዓይን ማየትንም ከዳኛው ይጠይቃል።

ጽሑፍ በገባበት ቦታ እንኳ ጆሮ አልተሻረም። በ18ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ሰዎች የርስት ሽያጭን በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ያስጽፉ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ በፊልም ያነሷቸው እነዚህ መዛግብት ሻጭንና ገዢን ከጻፉ በኋላ የእማኞችን ስም ይደረድራሉ። ከሻጮቹና ከገዢዎቹ መካከል ሴቶችም አሉ። ውሉን ያጸናው ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ሲነገር በቦታው የነበሩና የሰሙ ሰዎች ናቸው።

ሌላው የመንደር ሥርዓት አውጫጭኝ ነው፤ በሌላው አገር አፈርሳታ ይሉታል። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅም አይበተንም። በሕዝብ ፊት ስም መጥራት ደም ያመጣልና፣ ጥቂት የታመኑ ሰዎች ተመርጠው ይምላሉ። ያየ የሰማ ሁሉ ለእነሱ በምስጢር ይነግራል። ነጋሪው ወፍ ይባላል፣ ማንነቱም አይወጣም። የተመረጡት ሰዎች ሥራ ብዙ የተበጣጠሰ ሹክሹክታ ተቀብሎ ማገናዘብ፣ በቀል ያስነገረውን ከእውነቱ መለየት ነው። ንጹሕ ሰው በሐሜት የተያዘበት ጊዜ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ሰሚው ካልታመነ ሥርዓቱ ሁሉ ወደ ግፍ ይለወጣል።

ጭልጋ ለዚህ ሁሉ የተለየ ቦታ የሚሆነው የመንገድና የገበያ አገር ስለሆነ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699፣ በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን፣ ከሱዳኗ ስናር ተነስቶ ወደ ጎንደር ሲያልፍ ጭልጋን ትልቅና የደመቀች የንግድ ከተማ ሆና አግኝቷታል። ከስናር የሚመጣውን ጥጥ የሚቀርጥ የስናር ንጉሥ ሹም፣ በኢትዮጵያ ንጉሥ ፈቃድ፣ እዚያው ጭልጋ ይቀመጥ ነበር፤ ቀረጡንም ሁለቱ ነገሥታት ይካፈሉታል። በአንድ ኬላ የሁለት መንግሥት ሰው አብሮ ሲሠራ፣ ዓረብኛ፣ አማርኛና የአገሩ የቅማንት ቋንቋ በአንድ ገበያ ሲነገሩ፣ የሰውን ቃል በትክክል ተረድቶ ለሌላው ማድረስ የዕለት እንጀራ ነበር።

የቅማንት ሕዝብ ደግሞ የራሱ ዳኝነት ነበረው። ወንበር የሚባለው አባት የሃይማኖትም የዳኝነትም አለቃ ሲሆን፣ ጭልጋና ከርከር የየራሳቸው ወንበር ነበራቸው። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ፍሬደሪክ ጋምስት በ1957 ዓ.ም. ገደማ በቅማንት መንደሮች ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰዎቹ ጠባቸውን ወደ መንግሥት ችሎት ከመውሰድ ይልቅ በራሳቸው ሽማግሎች መጨረስን እንደሚመርጡ መዝግቧል። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። የመንግሥት ችሎት በአማርኛ ነው፤ በላ ልበልሃ ደግሞ በአማርኛ ግጥምና ምሳሌ የሚረታበት መድረክ ነው። በሌላ ቋንቋ ያደገ ሰው የባላጋራውን ቅኔ ፈትቶ፣ ይዞ፣ በዚያው ቅኔ መመለስ ይጠበቅበት ነበር።

ስለዚህ የድሮውን ሸንጎ ስናደንቅ ማን ሳይሰማ እንደ ቀረም ማየት ተገቢ ነው። ጭሰኛው ከባለጉልቱ ጋር እኩል አልቆመም፤ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባሉ ቃላቸው ይናቅ ነበር። የአገሩ ቋንቋም ቀስ በቀስ ከአደባባይ ወጣ። የቋንቋ ሊቁ ዘለዓለም ልየው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት ቅማንትኛ ለአማርኛ ቦታውን እየለቀቀ መሆኑን በዝርዝር አሳይቷል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ቅማንት ነኝ ያለው 172,327 ሰው ሲሆን፣ ቋንቋውን በአፍ መፍቻነት የሚናገረው 1,625 ብቻ ነበር። በእርሻና በገበያ አብሮ የኖረ ጎረቤት የሌላውን ቋንቋ ሳይማር ሦስት መቶ ዓመት መዝለቁ፣ ጆሮን እንዲህ ላከበረ አገር፣ ሊያስቆጭ የሚገባ ነገር ነው።

በላ ልበልሃ የደከመው በወረቀት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ በ1958 ዓ.ም. ወጡ። ክሱ በጽሑፍ ይቅረብ፣ መልሱ በጽሑፍ ይሁን፣ ዳኛው የምስክሩን ቃል ይመዝግብ ተባለ። ጥቅሙ ብዙ ነው፦ ያላማረ አንደበት ያለው ድሃ በአንደበተኛ ባላጋራ መረታቱ ቀነሰ፣ የተባለው ነገር ከይግባኝ ሰሚው ፊትም ሳይለወጥ ደረሰ። የጠፋውም ግልጽ ነው። ባለጉዳዩ ያልጻፈውን የክስ ማመልከቻ ይዞ፣ በማይገባው የሕግ አማርኛ ሲከራከሩለት ቆሞ ያያል፣ ወደ ቤቱ ሲመለስም የልቡን እንደ ተናገረ አይሰማውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን በሌላው ዓለም ማዳመጥ እንደ አዲስ ሙያ ይጠና ጀምሮ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንድ ቀላል ፈተና አቀረበ፤ በክርክር ላይ ማንም ሰው የራሱን ሐሳብ ከመናገሩ በፊት የተከራካሪውን ሐሳብና ስሜት፣ ያ ተከራካሪ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ፣ መልሶ ይናገር የሚል። እ.ኤ.አ. በ1957 ከሪቻርድ ፋርሰን ጋር ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ንቁ ማዳመጥ የሚለውን አባባል በዓለም ላይ አሰራጨ። የጭልጋ ተሟጋች የመጀመሪያውን ግማሽ ያውቀዋል፤ ቃልን ሳያጣምሙ መድገም፣ ባለቤቱን «ብያለሁ» ማሰኘት። ልዩነቱ ዓላማው ነው። ተሟጋቹ የሚደግመው ለማሰር ነው፤ የሮጀርስ ሰሚ የሚደግመው ለመረዳት ነው። ለዚህኛው የቀረበው የአገራችን ሰው ተሟጋቹ ሳይሆን ሽማግሌው ነው።

የሽማግሌን ጆሮ ለማየት ከሁሉ የከበደውን ሥራውን፣ ደም ማድረቅን፣ መውሰድ ይሻላል። ሰው ሲገደል ገዳዩ ይሸሻል፤ የሟች ወገን ይዝታል። የመንግሥት ፍርድ ቤት ገዳዩን ቢያስረውም ቂሙ አይበርድም፤ እስሩን ጨርሶ ሲወጣ ደም መላሽ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከሁለቱም ዘር ያልሆኑ ሽማግሎች ይመረጣሉ፣ ቄስ ወይም ሼህ ይታከልባቸዋል። በመጀመሪያው ቀን ወደ ሟች ቤት ሲሄዱ ስለ እርቅ አያነሱም። ይቀመጣሉ፣ ይሰማሉ። እናት ታለቅሳለች፣ ወንድም ይሳደባል፣ አንዳንዴም ሽማግሎቹ ራሳቸው ከደጅ ይባረራሉ። ተባረው ይመለሳሉ። ሌላ ቀን ይመጣሉ። ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበር፣ ማንን ይጦር እንደ ነበር፣ በመጨረሻው ቀን ምን ብሎ ከቤት እንደ ወጣ ደጋግመው ይሰማሉ። በዚህ መሐል ወደ ገዳይ ወገን ሄደው የዚያንም ይሰማሉ፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያደርሱት ግን የሚያበርደውን ብቻ ነው። ስድብ ሽማግሌው ዘንድ ይቀራል።

ይህ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ዓመታት ይወስዳል። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት የሚገናኙት ሁሉም ተነግሮ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ዕለት ገዳዩ ወይም ዘመዱ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ በአንገቱ ድንጋይ ወይም ገመድ ይዞ ይቀርባል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ ይታረዳል፣ ይማማላሉ፣ አብረው ይበላሉ። ከውጭ ለሚያይ ትልቁ ነገር ይህ ሥነ ሥርዓት ነው። ሽማግሎቹን ለጠየቀ ሰው ግን ሥራው ያለቀው ከዚያ በፊት፣ እናት ልቅሶዋን ሳትቋረጥ በጨረሰችበት ቀን ነው።

አይከልና ዙሪያዋ በቅርቡ ዓመታት ይህን ጥበብ አጥብቀው የፈለጉበት ጊዜ መጥቷል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ቅማንት በስሙ ሳይቆጠር መቅረቱ ብርቱ ቅሬታ አስነሳ፤ የራስ አስተዳደር ጥያቄውም እየበረታ ሄደ። መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ጉዳዩ በዚያ አላበቃም። በተከታዮቹ ዓመታት በጭልጋና በአይከል ደም ፈሰሰ፣ ቤት ተቃጠለ፣ የተፈናቀለው ብዙ ነው። የተጎዱት ከአንድ ወገን ብቻ አይደሉም፤ አብረው የሚያርሱ፣ የሚጋቡ፣ በአንድ ገበያ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ጠብ በመግለጫ አይበርድም። እያንዳንዱ ቤት የሚናገረው አለው፣ የሚናገረውም ለማይቸኩል ሰው ነው።

የአገሪቱ ሕግ ራሱ ከዘመናት በኋላ ወደ ሽማግሌው መንገድ ጠጋ ብሏል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 በፍርድ ቤት ሥር የሚካሄድ የማስማማት ሥራን አቋቁሟል፤ በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ደግሞ ስለ ግልግል ዳኝነትና ስለ እርቅ ነው። አስማሚዎች ይሠለጥናሉ፣ ሥልጠናውም ባብዛኛው ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለ፤ አይከል ከዚያ የአንድ ጠዋት መንገድ ነው። ጋምስት በከርከር፣ ዘለዓለም በጭልጋ ተቀምጠው የአገሩን ሰው ቃል እንደ ጻፉ ሁሉ፣ የደም አድራቂዎቹን አሠራር፣ መጀመሪያ ማን ቤት እንደሚገቡ፣ ምን ብለው እንደሚጠይቁ፣ ምን ሰምተው ምን እንደሚያስቀሩ፣ ከራሳቸው አፍ መቅዳትና ለአስማሚዎቹ ማስተማሪያ ማድረግ ይቻላል። ከሁለቱም ወገን ያሉት አንጋፋ ሽማግሎች በሕይወት ሳሉ፣ በአማርኛም በቅማንትኛም።